«ገበሬ አይደለሁም» ያለው የገበሬዎች ፎቶ አንሺ

የአርካንሳስ ግዛት ዋና ከተማ ከሆነችው ከሊትል ሮክ ተነስቶ ወደ ሰሜን የሚነዳ ሰው፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ከተጓዘ በኋላ ሜዳው አልቆ ኮረብታ ይጀምረዋል። የኦዛርክ ተራሮች ግርጌ ነው። መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ጫካው ግራና ቀኝ ይጠጋል። እዚያ ኮረብታ ሥር ሂበር ስፕሪንግስ የምትባል፣ 7,000 ያህል ሕዝብ ያላት ከተማ አለች። እኛ አገር ብትሆን የወረዳ ከተማ እንላት ነበር፤ እነሱም የአካባቢው አስተዳደር መቀመጫ አድርገዋታል።

ከተማዋ በ1881 ስትቆረቆር (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ሹገር ሎፍ ትባል ነበር፣ አጠገቧ ለብቻው ጉብ ባለው ተራራ ስም። በ1910 ነው የአሁን ስሟን ያገኘችው። ስፕሪንግስ ማለት ምንጮች ማለት ነው። መሐል ከተማው ላይ ባለው መናፈሻ የማዕድን ውሃ ምንጮች አሉ፤ ሰባት ናቸው ይባላል። በዚያን ዘመን ሰው ለጨጓራውም ለቁርጥማቱም መድኃኒት ነው እያለ ከሩቅ እየመጣ ይጠጣ ነበር። ጠበል የተመላለሱ፣ አምቦ ወርደው ውሃውን ከምንጩ የቀመሱ አያቶች ነገሩ አይጠፋቸውም።

ዛሬ ወደዚያ የሚሄደው እንግዳ የሚፈልገው ግን ምንጩን ሳይሆን ሐይቁን ነው። ከተማዋ አጠገብ በተሠራው ግሪርስ ፌሪ በተባለው ግድብ ጀርባ ትልቅ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተኝቷል። ግድቡን በጥቅምት 3 ቀን 1963 መጥተው የመረቁት ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ናቸው። ከዚያ በኋላ ሰባት ሳምንት ያህል ነው የቆዩት፤ ዳላስ ላይ ተገደሉ። ከግድቡ ሥር የሚወጣው ወንዝ ቀዝቃዛ ስለሆነ ትራውት የሚባለው ዓሣ ተመችቶት ይኖርበታል። በ1992 ከ18 ኪሎ በላይ የሚመዝን ተይዞበት በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ነበር። የከተማው ሰው ስለዚያ ዓሣ ማውራት ይወዳል።

ስለ ፎቶ አንሺያቸው ግን ለብዙ ዓመታት ያወራ ሰው አልነበረም።

ሰውየው በ1884 በኢንዲያና ግዛት ከጀርመን ዘር ቤተሰብ ሲወለድ ስሙ ማይክ ሜየር ነበር። ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ አርካንሳስ፣ ጀርመን ገበሬዎች ወደሰፈሩባት ስቱትጋርት ወደምትባል ከተማ ተዛወረ። አባቱ ቀድመው ሞቱ። ማይክ ካደገ በኋላ እዚያው በሩዝ ወፍጮ የሌሊት ዘበኛ ሆኖ ሠራ። በ1914፣ ሠላሳ ዓመት ሲሞላው፣ ከእናቱ ጋር ወደ ሂበር ስፕሪንግስ መጣ። በመጀመሪያ ከሌላ ባለሙያ ጋር በሽርክና፣ ቀጥሎ በእናቱ ቤት በረንዳ ላይ ፎቶ ማንሳት ያዘ።

በ1926 ኅዳር ውስጥ፣ አሜሪካኖች የምስጋና ቀን በሚሉት በዓላቸው ዕለት፣ ከባድ አውሎ ነፋስ ከተማዋን መታ። ሰው ገደለ፣ ቤት አፈረሰ፤ የእናቱም ቤት ከፈረሱት አንዱ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ማይክ በዋናው ጎዳና ላይ የራሱን ፎቶ ቤት የሠራው። ጣሪያው ላይ ወደ ሰሜን የዞረ ትልቅ መስታወት አስገባ፤ የሰሜን ብርሃን ፀሐይ በቀጥታ ስለማይመታው ቀኑን ሙሉ የለሰለሰ ነው። ኋላ ክፍሉ ውስጥ አልጋውን ዘረጋ። ሚስት አላገባም፣ ልጅ አልወለደም። ሥራውም ኑሮውም እስከ ዕለተ ሞቱ እዚያች ቤት ውስጥ ሆነ።

እዚህ ላይ የስሙን ነገር ማንሳት አለብን። በ1939፣ ሃምሳ አምስት ዓመት ሆኖት፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ ስሙን አስለወጠ። ሜየር መባሉ ቀርቶ ዲስፋርመር ተባለ። እንደሱ አገላለጥ ሜየር በጀርመንኛ ገበሬ ማለት ነው፤ «ዲስ» ደግሞ በእንግሊዝኛ ማፍረሻ ቃል ነው። በአማርኛ ብናወጣው «ገበሬ ያልሆነው» እንደማለት ነው። ለዚህ ያቀረበው ምክንያት ከስሙ የባሰ ነው፤ ሜየሮች ወላጆቼ አይደሉም፣ ሕፃን ሳለሁ አውሎ ነፋስ ከእውነተኛ ቤተሰቤ ቤት አንሥቶ ወስዶ እነሱ ዘንድ ጣለኝ አለ።

ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ይዘው ዲስፋርመርን እብድ ቢጤ ያደርጉታል። እኔ እንደዚያ ለማለት አልቸኩልም። ዙሪያው ሁሉ የሚያርስ፣ እሱ ብቻ የማያርስ ሰው ነበር። በእኛም አገር ባለ እጅ ሰው፣ ሸማኔውም አንጥረኛውም ሸክላ ሠሪዋም፣ ከገበሬው መሐል እየኖረ፣ ገበሬው የሚፈልገውን እየሠራ፣ ከገበሬው ማዕድ ግን ትንሽ ራቅ ተደርጎ ይቀመጥ ነበር። ዲስፋርመርን ማንም አላራቀውም፤ ራሱ ነው የራቀው። ቢሆንም የቁጣው ምንጭ ከዚህ የተለየ አይመስለኝም። የቤተሰብ ስም ግን ሸሚዝ አይደለምና አውልቆ መጣሉ ከባድ ነው፤ ጣጣው ከሞተ ከስድሳ ዓመት በኋላ እንደሚመለስበት ወደ ኋላ እናያለን።

ደንበኞቹ ስሙ ምን ሆነ ብለው አልቀሩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበሬው ወደ ከተማ ይወርዳል፤ ጥጡን ይሸጣል፣ ስኳርና ጨርቅ ይገዛል፣ ከዘመድ ይገናኛል። ጥቂት ሳንቲም የተረፈው ዲስፋርመር ዘንድ ይገባል። ሃምሳ ሳንቲም ከፍሎ ፖስታ ካርድ የምታህል ሦስት ፎቶ ይዞ ይወጣ ነበር ይባላል።

ያኔ ፎቶ መነሣት እንዴት ያለ ነገር እንደነበር ለልጅ ልጆቻችን ማስረዳት ሳያስፈልግ አይቀርም። ካሜራው በሦስት እግር የሚቆም ሣጥን ነው። ፎቶ አንሺው ጥቁር ጨርቅ ይከናነብና ከኋላው ሆኖ ያነጣጥራል። ውስጡ የሚገባው ፊልም አይደለም፣ ብርሃን የሚሰማው መድኃኒት የተቀባ ጠፍጣፋ መስታወት ነው። አንድ መስታወት፣ አንድ ፎቶ። ከተነሣ በኋላ ጨለማ ክፍል ገብቶ ይታጠባል፤ ከእሱ ላይ ወረቀቱ ይታተማል። ሌላው ሰው ወደ ፊልም ከዞረ ከብዙ ጊዜ በኋላ ዲስፋርመር መስታወቱን አልተወም። መስታወት ዝርዝሩን ይይዛል፤ የቱታው ስፌት፣ የእጅ ላይ ስንጥቅ፣ ለበዓል የተተኮሰ ቀሚስ መታጠፊያ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ብርሃኑ እስኪስማማው ድረስ ሰውን አንድ ሰዓትም ሊያቆመው ይችላል ይሉታል። «ፈገግ በሉ» አይልም። «ቀና በል፣ ዘንበል በይ» አይልም። የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ልጆች ይፈሩት እንደነበር ካደጉ በኋላ የተናገሩ አሉ። ከኋላ ጥቁር ወይም ነጭ መጋረጃ ብቻ ነው፤ አንዳንዴ ቀጥ ያለ ጥቁር መሥመር ያለው ግድግዳ።

የእኛን ፎቶ ቤቶች ያየ ሰው ልዩነቱ ይገርመዋል። እኛ ዘንድ ግድግዳው ላይ ሐይቅና ዘንባባ ይሣል ነበር፣ የላስቲክ አበባ ይቀመጥ ነበር፣ የማይደውል ስልክ ጆሮ ላይ ይደረግ ነበር። ኮትና ክራባት የሌለው ከፎቶ ቤቱ ይዋስ ነበር። ፎቶው ሰውየው የሆነውን ሳይሆን ሊሆን የሚመኘውን ያሳይ ነበር፤ በዚህም ነውር የለበትም፣ ደስታው እሱ ነው። ዲስፋርመር ግን ሰውን ከነቱታው፣ ከነጭቃ ጫማው አቆመው። እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት የጠፋቸው ወጣት ወንዶች አሉ። ክንድ ለክንድ የተያያዙ እኅትማማቾች አሉ። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሕፃን አለ፤ እናቱ እንዳይወድቅ ከጎን ቆማ ትጠብቀዋለች።

ከሁሉ የሚነኩት በጦርነቱ ዘመን የተነሡት ናቸው። ከ1941 መጨረሻ ጀምሮ አሜሪካ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ የአርካንሳስ ገበሬ ልጆችም ዘመቱ። ከመሄዳቸው በፊት ወታደራዊ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከእናታቸው፣ ከእጮኛቸው ወይም ከወንድማቸው ጋር ዲስፋርመር ፊት ቆሙ። ለምን እንደሚነሡ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገረውም። እኛ አገርም ዘማች ልጇን ከመሸኘቷ በፊት ፎቶ ቤት ይዛው የሄደች እናት ጥቂት አይደለችም፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው የቀሩትን እናውቃቸዋለን።

ዲስፋርመር በ1959 በዚያችው ፎቶ ቤቱ ሞቶ ተገኘ። ሰባ አምስት ዓመቱ ነበር። ኑዛዜ አልተወም። ቤቱ ውስጥ የቀረው ዕቃ በባንክ በኩል ለሽያጭ ቀረበ፤ ጆ ኦልብራይት የተባሉ የቀድሞ የከተማው ከንቲባ የመስታወት ነጋቲቮቹን ጨምሮ የፎቶ ቤቱን ዕቃ በ5 ዶላር ገዙት። አዎ፣ አምስት ዶላር። መስታወቶቹን እቤታቸው ወስደው አስቀመጡ። ኬኔዲ መጥተው ግድቡን ሲመርቁ፣ ከተማው በጋዜጠኛና በካሜራ ሲጥለቀለቅ፣ የዚያው ከተማ ሰው ሁሉ መልክ ሣጥን ውስጥ ተደርድሮ ነበር።

ያወጣው አንድ ትንሽ ጋዜጣ ነው፤ እንዲህ ያለ አምድ ለምናነብ ሰዎች ይህ ደስ የሚል ክፍል ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፒተር ሚለር የሚባል ሰው «አርካንሳስ ሰን» የተባለውን የአካባቢውን ሳምንታዊ ጋዜጣ ያዘጋጅ ነበር። አንባቢዎች የድሮ የቤተሰብ ፎቶዎቻቸውን እንዲያመጡና ጋዜጣው ላይ እንዲያወጣላቸው ጠየቀ። በዚህ መካከል ኦልብራይት እኔ ዘንድ የዲስፋርመር መስታወቶች አሉ ብለው ቀረቡ። ሚለር ሲያያቸው ወደ 3,000 የሚጠጉ ናቸው፤ እርጥበት የነካቸው፣ ሻጋታ የበላቸውም አሉባቸው። አጥቦ አጽድቶ ለማዳን ወራት ፈጀበት።

የተወሰኑትን አትሞ ኒውዮርክ ለምትገኘው የ«ሞደርን ፎቶግራፊ» መጽሔት አዘጋጅ ለጁሊያ ስካሊ ላከላት። ስካሊ የምታየውን ወዲያው አወቀች። በ1976 ሁለቱ ሆነው ከ1939 እስከ 1946 የተነሡትን መርጠው መጽሐፍ አወጡ። ሃምሳ ሳንቲም የሚከፈልበት የገጠር ፎቶ ቤት ሥራ በዓለም ታላላቅ ከሚባሉት የሰው መልክ ፎቶዎች ተርታ ገባ። ዲስፋርመር በሕይወቱ አርቲስት ተብሎ ተጠርቶ አያውቅም፣ ኒውዮርክም ስሙን ሰምታ አታውቅም።

ከዚያ በኋላ ሐያስያን ብዙ ጻፉ። በእነዚያ ዓይኖች ውስጥ የአሜሪካ ድህነት ይታያል፣ ጭንቀት ይታያል፣ የጠፋ ዘመን ነፍስ ይታያል አሉ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ከዚያ በፊት የሚታየኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲሠራ የከረመ ሰው ጥቁር ጨርቅ ከተከናነበ ዝምተኛ ሰው ፊት ቆሞ «መቼ ነው የሚያልቀው» ሲል ነው። እንዲህ ማሰቤ ፎቶውን አያሳንስብኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። መስታወት ስም አይናገርም። የፎቶ ቤቱ ነጋቲቭ የሚያሳየው መልክ ብቻ ነው፤ ይቺ ማን ናት፣ የማን ልጅ ናት፣ ይህ ወታደር ተመልሷል ወይስ ቀርቷል የሚለውን የሚያውቀው የከተማው ሰው ነው። መጽሐፉ ሲዘጋጅ ስም ያገኙ አሉ። ዛሬ በየኤግዚቢሽኑ ሲሰቀሉ ግን ከሥራቸው «ሁለት ሴቶች» ወይም «ወታደር» ብቻ የተጻፈባቸው ብዙ ናቸው። እቤቷ ውስጥ አክስቴ የምትባል ሴት ኒውዮርክ ግድግዳ ላይ «ሴት» ሆና ትቀራለች።

ሁለተኛው ዙር በ2004 መጣ። ከሂበር ስፕሪንግስ የተነሡ ባልና ሚስት ቤተሰባቸው ዘንድ የነበሩ ዲስፋርመር በገዛ እጁ ያተማቸውን ፎቶዎች ለአንድ ሰብሳቢ አቀረቡ። በሥነ ጥበብ ገበያ ባለሙያው ራሱ በዘመኑ ያተመው ወረቀት በኋላ ከነጋቲቭ ከታተመው እጅግ ይበልጣል። ሰብሳቢዎች ይህን ሲያውቁ በአካባቢው ሰዎች ተጠቅመው ቤት ለቤት ማሰስ ጀመሩ። ከየአልበሙ፣ ከየጫማ ካርቶኑ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ገጽ መካከል በሺህ የሚቆጠሩ ፎቶዎች ተለቅመው ወጡ። በ2005 ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ ወቅት ሁለት ጋለሪዎች አሳዩአቸው፤ አንዱ ፎቶ በሺህ በሚቆጠር ዶላር ይጠራ ጀመር።

የሸጡትን ቤተሰቦች ለመውቀስ አልደፍርም። የሐኪም ዕዳ ያለበት፣ ልጅ የሚያስተምር ሰው መሳቢያው ውስጥ የቆየች ካርድ ገንዘብ ናት ሲባል ቢሰጣት ምን ይገርማል? ደግሞም ሽያጩ ባይኖር ብዙዎቹ ምስጥና እርጥበት ይበላቸው ነበር። ነገር ግን ከአልበሙ ስትወጣ ከፎቶዋ ጋር የማይሄድ ነገር አለ፤ «ይቺ የእናቴ ታናሽ ናት፣ ያን ቀን ጫማው ጠብቧት ስታለቅስ ነበር» የሚል ሰው። እሱ እዚያው ሂበር ስፕሪንግስ ቀረ።

የእኛ ወላጆች ለዚህ አንድ መላ ነበራቸው። ፎቶ ሲሰጡ ጀርባው ላይ ይጽፉ ነበር፤ ለማን እንደተሰጠ፣ ከማን፣ ቀኑ፣ ከተማው፣ ከሥሩ ፊርማ። ወጣቶች እንደ ድሮ ሰው ወግ ቆጥረውት ይሥቁበታል። እስኪ በዚህ ሰንበት አልበሙን አውርዱና ገልብጣችሁ እዩት፤ ጀርባው ባዶ የሆነው ስንቱ ነው? ያልተጻፈበትን አያት እያለች ጠይቆ መጻፍ ነው፣ በእስክሪብቶ ሳይሆን በእርሳስ፣ ቀለሙ ወደ ፊት እንዳይዘልቅ። ስልክ ውስጥ ስላሉት ሺህ ፎቶዎች አሁን አላወራም፤ እሱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

የዲስፋርመር ነገር ግን አላለቀም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የወንድምና የእኅቶቹ ዘሮች ፍርድ ቤት ቀርበው የውርስ መዝገቡ እንደገና ይከፈትልን አሉ። ክርክራቸው በአጭሩ ይህ ነው፦ ሰው ያለ ኑዛዜ ሲሞት ንብረቱ ለዘመዶቹ ነው፤ መስታወቱን የገዛ መስታወቱን ገዛ እንጂ ምስሉን የማባዛት መብት አልገዛም። ሌላው ወገን ደግሞ፣ ማንም ዘወር ብሎ ባላየው ጊዜ ያዳንነው እኛ ነን ይላል። የሕጉን ነገር ለዳኞች እንተወውና፣ ወላጆቼ አይደሉም ብሎ ስማቸውን በዳኛ ፊት ያወለቀው ሰው በመጨረሻ ወራሽ ሆነው የመጡለት እነዚያው ሜየሮች መሆናቸውን ሳያስተውሉ ማለፍ አይቻልም። የቤተሰቡ ዘሮች ስለ እሱ ምን ሲባል ሰምተው እንዳደጉ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ወላጆች ብዙ ናቸው፤ ከእነሱም የዳላሱ ቁጥር ትንሽ አይደለም። ከዳላስ ሊትል ሮክ በመኪና አምስት ሰዓት ያህል ነው። የመስታወት ነጋቲቮቹ ወደ አርካንሳስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ስለተላለፉ እዚያው ሊትል ሮክ ናቸው፤ ከሽያጩና ከክርክሩ ሁሉ በኋላ ከግዛቱ አልወጡም። ጊዜ ያለው ወደ ሰሜን ይቀጥል። ሂበር ስፕሪንግስ ሲደርሱ ዋናው ጎዳና አጭር ነው፣ በእግር ያልቃል። ምንጮቹ ያሉበት መናፈሻ ጥላ አለው፤ አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ አረጋውያን ይቀመጣሉ። ልጅዎ ያስተርጉምልዎትና ስለ ዲስፋርመር ይጠይቋቸው። እሱ ያነሣቸው ልጆች ዛሬ ሰማንያና ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል፤ ያሉትም እየቀነሱ ነው።